ወንድሜ የሄደበት የአሸዋ አገር

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ገበያ አንዱ ነጋዴ ሐብሐብ ለሁለት ሲከፍል ያ ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ሐብሐብ የሚባል ነገር ሳትቀምስ ነው ያረፈችው። በፎቶግራፍ ግን አይታዋለች፤ እንዴት እንዳየችው ልንገርህ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ቢቸና ስምንተኛ ክፍል ስማር ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት ሩሲያ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ቀን ደብዳቤው ደረሰንና ለእናቴ አነበብኩላት። ቱርክመኒስታን ወደሚባል ግዛት እንደተላከ፣ አገሩ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ እንደሆነ፣ በባቡር ሲጓዝ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ዛፍ እንዳላየ ጽፏል። እሱ የጻፈው ሊያስደንቀን ብሎ ነበር። እናቴ ግን የሰማችው «በረሃ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። በእኛ አገር ሰው ወደ በረሃ የሚላክ ሲጋዝ ነዋ። ጎረቤታችንም «ምን አጥፍቶ ይሆን?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የቀረበላትን እህል አንድ ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀምሳ ትመልሰው ነበር።

አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ የምታማክረው ሰው አልነበራትም። ኋላ ከዚያው አገር ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ፣ ወንድሜንም የሚያውቅ አንድ ወጣት ሞጣ መኖሩን ሰማን። ክረምት ነበር። በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ተነሣን። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ጎማው ዋልካው ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩ ጭቃው እስኪጠፍ ድረስ እንድንጠብቅ ቢመክረንም እናቴ ጫማዋን አውልቃ ወረደች። የቀረውን መንገድ በእግራችን፣ ገበሬ ቤት እያደርን ጨረስነው። የእርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ሽታ አብሮን ይጓዝ ነበር።

ሞጣ ስንደርስ ወጣቱ ለእግሯ ለብ ያለ ውሃ አቀረበላት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሷ ጥያቄዋን አከታተለች። ውሃ አለ ወይ ስትለው፣ ሰው ቆፍሮ ያመጣው ትልቅ ወንዝ አለ አላት። ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ እንደሚያርፍ፣ የውጭ አገር ሰው ከከተማ ከተማ ለመሄድ የፈቃድ ወረቀት እንደሚያስፈልገው ነገራት።

«እንግዲያ እስረኛ ነው» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።

ወጣቱ ከሻንጣው ፎቶግራፍ አውጥቶ ሰጣት። ወንድሜ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ ይሥቃል። አጠገቡ እንደ ጎፈር የተንዠረገገ የበግ ጠጉር ቆብ የደፉ ሽማግሌ ክንዳቸውን ትከሻው ላይ ጥለዋል።

«እኒህ ማን ናቸው?»

«ጎረቤቱ ናቸው፣ እማማ። ልጃቸው በጦርነት ሞቶባቸዋል። እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት ነው የሚበላው። ‹ልጄ› ነው የሚሉት።»

እናቴ ፎቶግራፉን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ ብዙ ቆየች። ፍርሃቱ ከፊቷ ሲለቅ አየሁ። የቀረበላትን እንጀራም ቆርሳ በላች። ዛሬ ሳስበው ግን፣ ወንድሜ እንደማይመለስ ከሁላችንም ቀድማ ያወቀችው በዚያች ሰዓት ይመስለኛል።

ቢቸና እንደገባን ደብዳቤ አስጻፈችኝ። በሌላ ጊዜ መዝጊያው ሁልጊዜ «መቼ ትመጣለህ?» ነበር። እዚያ ስደርስ ብዕሬን አንሥቼ ጠበቅኋት።

«ለሽማግሌው እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» አለች። «ልጄን ‹ልጄ› ስላሉት እግዜር ይስጥልኝ። ቀን ቀን ከፀሐይ ይከልሉልኝ፤ አደራ።»

«መቼ ትመጣለህ?» ብዬ ልጨምር ብዕሬን ዝቅ አደረግኩ።

«ይኸው ነው፤ እጠፊው» አለችኝ።