በሰው ኮት

ቡታጅራ ውስጥ አምስት ክረምት በረንዳ ላይ ሰፍቻለሁ። ዝናቡ ወደ ጎን ሲመታ የስፌት መኪናዬን በላስቲክ እሸፍንና እኔ እበሰብሳለሁ፤ እሱ ይዝጋል፣ እኔ አልዝግም። ስድስተኛው ክረምት ሲቃረብ ግን ባለቤቴ «ዘንድሮም በረንዳ ከሆነ እኔንም በላስቲክ ሸፍነኝ» አለች። ሱቅ መከራየት ግድ ሆነ።

ባዶ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ነበሩ፤ የመስቃንን በርበሬ ነግደው የከበሩ፣ መንገዱን ዳርና ዳር በሱቅ የሞሉ ሰው። ያቺን ሱቅ የሚፈልግ ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ዘዴ አሰብኩ። ያን ሰሞን በስልኬ ስለ ሀብታሞች ልማድ የሚያወሩ ቪዲዮዎች አዘወትር ነበር። ሀብታም ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ቁርስ አይበላም፣ ብዙ አያወራም፤ ከሁሉ በላይ ግን ሀብታም ለመሆን መጀመሪያ መምሰል ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባል የለ?

መምሰያው እጄ ላይ ነበር። አንዲት ሴት እጅጌው በካውያ የተቃጠለ ሱፍ ኮት አምጥታልኝ፣ ከውስጥ ስፌቱ ክር እየመዘዝኩ ቀዳዳውን ሁለት ቀን ሙሉ ሸምኜ ደፍኜዋለሁ። ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፤ ቀኑ ገና ማክሰኞ ነበር። ለበስኩት። ልክክ አለ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች ባለቤቴ።

«ወርቅ አይደለም፣ ሱፍ ነው» አልኳት።

በእግር አምስት ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። አንድ የሚሠራና አንድ የሞተ ስልክ ይዤ፣ ሽቶ ተነስንሼ፣ ቁርስ ሳልበላ ሱቁ በር ላይ ወረድኩ። ሱቁን ሊያሳዩኝ በስልክ የቀጠሩኝ ሐጂ ከመስጊድ በእግራቸው መጡ። ኮታቸው ከመደብዘዙ የተነሳ ቡኒ ይሁን ግራጫ አይለይም። በዚያ ላይ መንገድ ላይ የወደቀች ሚስማር ጎንበስ ብለው አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ይህን ቪዲዮው አልነገረኝም።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ።

«ወዓለይኩም ሰላም» ብዬ ዝም አልኩ። ሀብታም ብዙ አያወራማ። ሆዴ ግን በእኔ ፈንታ አወራ።

ሐጂ ፊቴን ትተው እጅጌዬን ያዩ ጀመር። ክንዴን ይዘው ወደ ብርሃን አወጡኝ። ጨርቁን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ አንድ ነገር ፈለጉ፤ አጡት፤ ጫፉን ገልበጥ አድርገው ውስጡንም አዩ።

«እዚህ ጋ ተቃጥሎ ነበር» አሉ። «የልጄ ኮት ነው። እናቱ ናት ለሰፊ የሰጠችው።»

ቀን ጨለመብኝ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ሱቁም፣ ክረምቱም፣ የባለቤቴ ፊትም ባንድ ጊዜ ታዩኝ።

«ሐጂ፣ ሰፊው እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ሰው ልምሰል ብዬ ነው» አልኩና ኮቱን አወለቅኩ። ከስር ያለው ሸሚዜ ሲያረጅ ኮሌታውን ገልብጬ የሰፋሁት ነው። እሱንም አዩት።

ቁጣቸውን ስጠብቅ የራሳቸውን ኮት አወለቁ። ከኪሱ መጀመሪያ ሚስማሯን፣ ቀጥሎ የሱቁን ቁልፍ አወጡ። ሚስማሯን ለራሳቸው አስቀሩ። ኮቱን ክንዴ ላይ ጣል አደረጉት፤ ቁልፉን በላዩ።

«ፊቱ ደብዝዟል፣ ውስጡ ግን ገና አዲስ ነው። ሱቁን ጥረግና መጀመሪያ ይህን ገልብጠህ ስፋልኝ» አሉኝ።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞር አሉ።

«እንዳትለብሰው ግን።»