ደስታ ላስፈቅድ ቁሐር የሄድሁ ለት

ማነው ያለፈቃድ ከበሮ አስመታ የሚለኝ? ፈቃዱን የሰጡኝ ራሳቸው እማማ እናንዬ ናቸው! እናንተ ወረታ መንገድ ዳር ቁጭ ብላችሁ ሰው ስታሙ፣ ቁሐር ሚካኤል ድረስ የሄድሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርጌ ደርሷል። በኛ አገር ጎረቤት ሐዘን ካለ፣ ደስታ ያለበት ሰው ሳያስፈቅድ ከበሮ አያስመታም። ቁሐር ያለውን የአባቴን ቤትና የእማማ እናንዬን ቤት ደግሞ አንድ ማሳ ነው የሚለየው። ልጃቸው ፈንታሁን ባለፈው ክረምት፣ ሜዳው ውሃ በሞላ ጊዜ፣ ታሞ ሞተብን። አብሮ አደጌ ነው፤ ሚዜዬ ሊሆን ነበር። እሳቸው እንቢ ካሉ ሰርጌ እንደ ተዝካር በዝምታ ሊበላ ነው። ሊያስፈቅዱልኝ የነበሩት ሽማግሌዎች "በምን ፊታችን?" ብለው ቀሩ። እኔ ጀግናው ተነሣሁ።

ጧት ከወረታ ባጃጅ ያዝሁ።

"ለሙሽራ ቅናሽ የለም?" አልሁት ሹፌሩን።

"ሙሽራማ እጥፍ ነው የሚከፍል፤ ደስታ አለበታ!"

መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ሩዙ ታጭዶ አልቋል፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተበትኗል። ፈንታሁን ቢኖር አጠገቤ ተቀምጦ "ለመሆኑ ልጅቱ ዓይኗ ያያል?" እያለ ያበግነኝ ነበር። አጠገቤ ማንም የለም።

ከባጃጅ ወርጄ ሜዳውን በእግሬ አቋረጥሁ። እማማ እናንዬ ጥቁር እንደለበሱ ደጃቸው ላይ ሩዝ ያበጥራሉ። ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"እንደምን አደሩ እማማ... ደስታ አለብኝ" አልሁ።

ሰፌዱን አስቀመጡ። "መቼ ነው?"

"እሑድ።"

"ሚዜህስ ማነው?"

"በፈንታሁን ቦታ ሰው አላቆምሁም።"

"አንተ ቀባጣሪ! ዛሬ ምላስህን ምን ዋጠው?" አሉና አለቀሱ። እኔ አላለቀስሁም፤ የባጃጁ አቧራ ዓይኔ ገብቶ ነው።

"ስማ ልጄ" አሉኝ ቆይተው። "ያንን ልጅ 'ደስታህን ያሳየኝ' እንዳልሁት ሄደ። ያንተን አትንፈገኝ። ከበሮው እዚህ ድረስ ካልተሰማኝ እቀየምሃለሁ።"

ማሳውን ተሻግሬ አባቴ ቤት ገባሁ። እስከዚያ ቀን ደስታ ማለት ለኔ መብላት፣ መጠጣት፣ መፎከር ነበር። ለካ ካዘነ ሰው ደጅ ሂደው የሚለምኑት ነገር ኖሯል።

አላመናችሁም? በሉ ከበሮ መቺውን ሂዱና ጠይቁት፤ እሑድን ሙሉ ለሙሽራው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እማማ እናንዬ ቤት አዙሮ ለምን ሲመታ እንደዋለ።