የፍልፈሉ መንጋጋ

በአይጥ ጥርስ የሚቀና ሰው አለ ቢሉኝ እስቅ ነበር። እኔ ግን ቀንቻለሁ፤ ያውም አንጀቴ እስኪያር።

ዲላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ነው። መምህራችን ከአንድ ዋሻ ወለል ያስቆፈሩትን አፈር በጆንያ አስመጡ። ዋሻው ውስጥ ጉጉቶች ይኖሩ ነበርና የዋጧቸውን አይጦች አጥንት ሲተፉ፣ የየዘመኑ አፈር እየሸፈነው ቀርቷል። በአንዱ የአፈር ንብርብር የጫካ አይጥ ከበዛ ያኔ አገሩ ጫካ ነበር፤ የሣር አይጥ ከበዛ ደግሞ ሜዳ። የእኛ ሥራ አፈሩን በወንፊት አጥቦ፣ አድርቆ ጥርስ መልቀም ነው።

ለለቀማው ኮንጋ ከሚባል የቡና መንደር አንዲት ሴት ተቀጠረች። ዕድሜዋን በሙሉ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ጎንበስ ብላ የተበላሸ ፍሬ ስትለይ የኖረች ናት። እኔ በማጉያ መነጽር አንድ ጥርስ ሳገኝ እሷ በባዶ ዓይኗ አምስት ታወጣለች። መምህሩ ትሪዋን አይተው "ዓይን ማለት ይሄ ነው" ይላሉ። እኔን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ጠዋት ጠዋት በፈገግታ ሰላም እያልኳት፣ ምነው ዛሬ ባመማትና በቀረች እል ነበር።

አንድ ቀን ከታችኛው፣ ከጥንቱ አፈር ውስጥ የፍልፈል መንጋጋ አገኘሁ። ጥርሱ እንኳ አልተነካም። ፍልፈል ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አይወድም፤ እንግዲያው አገሩ ድሮ ገላጣ ነበር ብዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ዋና ምዕራፍ በእሱ ላይ አቆምኩ። ለመምህሩ ከማሳየቴ በፊት ለእሷ አሳየኋት። እንዲቆጫት ነበር።

በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። "ይሄ የጥንት አይደለም፣ መምህር" አለችኝ። ተማሪ ነኝ ብላት አትሰማም። "ፍልፈል እንሰቴን ከሥር ነው የሚበላው። ጉድጓዱን ብትከተል በቁመትህ ትወርዳለህ። ይሄም ከላይ ቆፍሮ ገብቶ እዚያው ሞተ። አፈሩን እየው።"

እውነቷን ነው። የታችኛው አፈር ቀይና ደረቅ ሆኖ፣ አጥንቱ ቀዳዳ ውስጥ የተወተፈው ግን እንደ ጓሮ አፈር የጠቆረው የላይኛው አፈር ነበር። እኔ ዲላ መሃል ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ያደግኩ ሰው፣ ፍልፈልን በመጽሐፍ እንጂ ሲቆፍር አይቼው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ሲመጡ "ይህ መንጋጋ ከላይ የገባ ይመስለኛል" አልኳቸው። አፈሩንም አሳየኋቸው። ማን እንደነገረኝ ግን አልተናገርኩም። ትከሻዬን ይዘው "አሁን ገና ዓይን አወጣህልኝ" አሉኝ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትለቅማለች። ቀና አላለችም።

ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁበት።

መንጋጋውን ለመምህሩ ካሳየሁበት ቀን ወዲህ ግን ለየት ያለ ነገር ስታገኝ ትሪው ላይ አታኖረውም። "ምን አገኘሽ?" ስላት "ምንም" ትለኛለች። መምህሩ በበሩ ሲገቡ ትነሳና የጨበጠችውን እጇን ለእሳቸው ትከፍታለች።