ሐሙሲት ላይ ወራጅ

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። በፍልሰታ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጾም ክስት ብትል እኛም ሰፈሩም «ጾሙ ነው» አልን። ኋላ ግን አልጋ ላይ መሽናት ከተወች የቆየችው ልጅ እንደገና ስትጀምር፣ ጾሙ ሳይፈታ ጠበል ልወስዳት ከደብረ ታቦር ሚኒባስ ተሳፈርን።

አቤት የዚያን ቀን ማፈሬ! የያዝነውን ውሃ ጨርሳ የተሳፋሪውን ትለምናለች። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ «አባዬ፣ ሽንቴ መጣ!» ትላለች። ሾፌሩ በቆመ ቁጥር ያጉረመርማል።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ዓይናቸውን ከልጄ አልነቀሉም።

«ሌሊትም ትሸናለች?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ጾሙ ጎድቷት ነው፤ ጠበል ልወስዳት ነው» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሐሙሲት ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹና ልጄን አቅፈው ወረዱ። «ኧረ እማማ፣ ጠበሉ ገና ነው!» እያልኩ ተከተልኳቸው። እሳቸው ቀጥ ብለው ጤና ጣቢያ ገቡ።

ነርሷ የልጄን ጣት ወግታ ደሟን አየች። «ስኳሯ በጣም ከፍ ብሏል። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት!» አለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኳቸው ስንወጣ። «ስንት ልጅ ቢያሳድጉ ነው እንዲህ ያወቁት?»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«አንዲት ነበረችኝ፣ ልጄ። እኔም ጾሙ ነው ብዬ ፍልሰታ እስኪፈታ ጠበቅሁ።»