ከፍያለውና የሞረዱ ቢላዋ

በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወረድ ብሎ ባለው መንደር፣ ከብት ሊታረድ ሲሆን የሚጠራው ከፍያለው ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ቢላዋ ነው፤ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል! ሁለት ቢላዋ አለው፤ አንዱ ከመኪና ባሌስትራ፣ ሌላው ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ።

ሁለቱንም የቀጠቀጡለት ሽማግሌው ጋሽ ካሴ ናቸው። «ባሌስትራው ቶሎ ይዶለዱማል፤ ግን ይለመጣል እንጂ አይሰበርም» አሉት። «ሞረዱ ስለቱን አይለቅም፤ ግን ደረቅ ነው፣ ከድንጋይ ጋር እንዳታላትመው። ትንሽ እሳት አሳይቼ ላለዝበው?»

«ይቅርብኝ ጋሼ፣ ስለቱን እንዳይገድሉብኝ!»

በጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ የፋንቱ በሬ ገደል ገባ። ባሏ የሞተባት ፋንቱ ያላት በሬ እሱ ብቻ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀች ነው የምታሳርሰው። ገደል የገባ በሬ ነፍሱ ሳትወጣ ከተባረከ አገሬው ሥጋውን ተከፋፍሎ ይገዛና ባለቤቱን መልሶ በሬ ያስገዛል። ሳይባረክ ከሞተ ግን በክት ነው፣ የአሞራ ሲሳይ።

ከፍያለው የሞረዱን መዝዞ ሮጠ። ኧረ ለገደል ባሌስትራው ነበር! በስለቱ የሚኮራ ሰው ግን መች ይሰማል። በገመድ አወረዱት። በሬው በሁለት ድንጋይ መካከል ተሰንቅሮ ያቃስታል። «በስመ አብ» ብሎ ቢላዋውን ወደ ጉሮሮው ሲያስጠጋ በሬው ተወራጨ፤ ቢላዋው ከአለቱ ተላተመና ከእጀታው ሥር ቀጭ አለ! ስለቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የፈሩት ይደርሳል።

«ቢላዋ ጣሉልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ላይ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከፍያለው እያለ ማን ቢላዋ ይይዛል? አንዱ ባሌስትራውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ በረረ።

ከፍያለው የበሬውን አንገት አቅፎ «ትንሽ ቆይልኝ፣ በማርያም፣ ትንሽ» እያለ ለመነው። ምን ያድርግ፣ በጥርሱ አይበጥሰው! ባሌስትራው በገመድ ሲወርድለት የበሬው ትንፋሽ ቆሟል። ከላይ ሆኖ ይህን ያየ የለም። ቢላዋውን አንገቱ ላይ አሳረፈ።

«አያ ከፍያለው፣ ደረስክለት?» አለች ፋንቱ ከላይ።

ቢላዋውን ከበሬው አንገት አነሳ። «አልደረስኩለትም እታለም። በክት ነው።»

ከፍያለውን ጎትተው ካወጡት በኋላ ሰዉ «አይዞሽ» እያላት ተበተነ። ፋንቱ አላለቀሰችም። ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣

«እዚያ ታች ማን ያይህ ነበር?» አለችው።