አጎቴ ለዚያ ሰው ያልዘረጉት እጅ

አጎቴን ከቀበርን ሳምንት ሆነን። በጣሊያን ጊዜ "ለአርበኞች ስንቅ ታደርሳለህ" ተብለው ደብረ ማርቆስ ታስረው፣ ክንዳቸው ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ ኤሌክትሪክ ተለቆባቸዋል። በእጅ የሚዞረውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ እጀታ ያዞር የነበረው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ የአገራችን ሰው ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ኤሌክትሪክ ራቅ ራቅ እያለ ሲመታው ጡንቻ ይኮማተርና መልሶ ይላላል። ሲፈጥንበት ግን መላላቻ ጊዜ ያጣል፤ መኮማተሩ እየተደራረበ፣ ኤሌክትሪኩ እስኪቆም እጅ ጡጫ እንደ ሆነ ይቆያል። ያ ሰው አፍጥኖ ነበር። አጎቴ ግን የማንንም ስም አልተናገሩም።

ከነጻነት በኋላ ሰውየው በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን በዘረጋላቸው ቁጥር ጡጫቸውን እያቀረቡ፣ "በል አዙረውና ይከፈት!" ይሉት ነበር።

ያ ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አጎቴ ይቀመጡበት በነበረው መደብ አጠገብ ቆሞ፣ "ይቅር ተባብለን ነበር" አለ። ከባዶው መደብ መልስ አልመጣም። ስለዚህ እኔ ተነሣሁ።

"ተው ልጄ፣ ለቅሶ ነው" አሉኝ አክስቴ።

አልተውኩም። ከሽቦው ጀምሬ እጀታውን እስከ ያዘው ሰው ድረስ ለለቀስተኛው በተራ አስረዳሁ። ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ፤ የሸኘው የለም።

ለተዝካሩም ይምጣ። እንደገና ከሽቦው እጀምራለሁ።