የላምቦሬ ሆድ እና የጃፓኑ ዱቄት

ባለፈው ሰሞን እሁድ ከሰዓት በስደት በምንኖርበት ኮዝሞ ሲቲ፣ ጓደኛዬ ላምቦሬ ሱቅ ቁጭ ብለን እየተጫወትን ነው... አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በብረት ፍርግርጉ በኩል «ሰላም ለዚህ ቤት!» አለ። ላምቦሬ ተሽቀዳድሞ የኋላውን በር ከፈተለት። ሲገባ አየሁት፣ መስፍን ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ እዚሁ አጠገባችን ዛንድስፕሩት ሰፈር ውስጥ በየቤቱ ብርድ ልብስ እያዞረ ይሸጥ የነበረው መስፍን! ጋውኑ ላይ «ዶክተር» ብሎ አስጠልፏል። ጥልፉ እንኳን ጠማማ ነው።

ላምቦሬ ሱቁ ከተዘረፈ ወዲህ ምግብ እምቢ ብሎታል። ሁለቴ ጎርሶ ጠገብኩ ይላል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ያገሳል። ጉንጩ ገብቷል። ክሊኒክ ሂድ ስንለው «ሱቁን ለማን ጥዬ?» ነው መልሱ። ለካ መስፍንን ያስጠራው እሱ ራሱ ነው።

«የጃፓን ባህላዊ መድኃኒት ነው» አለ መስፍን ፓኬቶቹን እየደረደረ። «ጃፓኖች ምላስ ያያሉ፣ ሆድ ይዳብሳሉ፣ አለቀ።»

«የት ተማርከው?» አልኩት።

«ኦንላይን።»

«ስንት ዓመት?»

«ብሮ፣ ይሄ የዓመት ጉዳይ አይደለም... የጸጋ ነው።»

ጃፓኖቹን ምንም አልልም። አዋቂ እጅ ከገባ ደህና መድኃኒት ይሆናል። እኔ የናቅኩት ይሄን ሰውዬ ነው።

ላምቦሬን ከመደርደሪያው ጀርባ ፍራሹ ላይ አስተኛው። ምላሱን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሸሚዙን ሊገልጥ ሲል ላምቦሬ እጁን ያዘው። «ከላይ ይሁን» አለ። መስፍን ከላይ ከላይ ዳበሰ... ዳበሰና ቀጥ አለ።

«አገኘሁት! ደድሯል! አራት ማዕዘን ሆኗል እኮ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተዘረፍኩ ወዲህ» አለ ላምቦሬ ጣራ ጣራውን እያየ።

«ያው! ድንጋጤ ነው ያደደረው!»

ያኔ ገባኝ... ገንዘቡ ነው! ሌቦቹ መሳቢያውን ገልብጠው ከሄዱ ወዲህ ሽያጩን በላስቲክ ጠቅልሎ ሆዱ ላይ በፋሻ አስሮታል። ባንክ የመኖሪያ ወረቀት ይጠይቃል፣ ላምቦሬ ወረቀት የለውም። አፌን ልከፍት ስል በዓይኑ ለመነኝ። ለዚህ ወሬኛ ብነግረው በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ገንዘቡ የት እንዳለ ያውቃል። ሳቄን ዋጥኩት።

መስፍን ሦስት ፓኬት ሸጦ ወጣ። አንዱን ቀድጄ አሸተትኩ... ዝንጅብልና የብርቱካን ልጣጭ። ከዚያ የላምቦሬን ሸሚዝ ገለጥኩ። ፋሻው ቆዳው ውስጥ ገብቶ ሰንበር አውጥቶበታል።

«አንተ ሰውዬ፣ በየትኛው ሆድህ ልትበላ ነው?»

«ስተኛም አልፈታውም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አዘንኩለት።

ፈታነው። የት እንዳስቀመጥነው አትጠይቁኝ። የዚያን ቀን እራቱን ጠርጎ በላ... ዱቄቱን ገና ሳይቀምሰው!

በሳምንቱ «ዶክተሩ» ለክትትል መጣ። እኔም ነበርኩ። ዳበሰና «ሟሟ! ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። ስልኩን አውጥቶ «በል መስክር» አለው። ምስኪን ምን ይበል? እውነቱን ቢናገር ገንዘቡን ማጋለጡ ነው። ካሜራውን እያየ «አዎ... ሆዴ ላይ የነበረው ነገር ወርዷል። አሁን እበላለሁ» አለ። ውሸት እንኳን አልተናገረም!

ቪዲዮው በየግሩፑ ዞረ። አሁን ከሶዌቶ ሳይቀር የኛ አገር ባለሱቅ ሁሉ ሆዱን ይዞ ቀጠሮ ያስይዛል። መስፍንም ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት እብጠት እያገኘ ነው አሉ። ይሄ ደንቆሮ የአንዱንም አልጠረጠረም።

ትናንት ደግሞ እኔ ሱቅ ድረስ መጣ። «አንተንስ ልዳብስህ?» አለኝ እጁን እያፍተለተለ።

ሸሚዜን ፋሻዬ ላይ ወደ ታች ሳብ አደረግኩና «እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

የናቅኩት ሰው ፊት እንዲህ ሆዴን ይዤ ቆሜ አላውቅም።